ሐረርን ለሌላ ጊዜ ተዪው

የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። ጠዋት በአውሮፕላን ድሬዳዋ ትደርሻለሽ፣ ማታ በአውሮፕላን ትመለሻለሽ፤ በመሃል ቀፊራ፣ ታይዋን፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ጀጎል፣ የራምቦ ቤት፣ ጅብ ማብላት፣ ቁልቢ ገብርኤል፣ የለገኦዳ የዋሻ ሥዕል። አቦ! ይሄ እኮ ሳምንት የሚፈልግ ጉድ ነው። እስክሪብቶ ያዢና አብረን እንሰርዝ።

ጅቡን መጀመሪያ ሰርዢው። ሐረር ላይ ጅብ የሚበላው ከመሸ ነው፤ እሱ ለእራቱ ሲወጣ አንቺ ሰማይ ላይ ነሽ። ለገኦዳም ይሰረዝ፤ ከከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካልያዝሽ ቀንሽን ይበላዋል። ቁልቢንና ሐረርን ደግሞ ጎረቤት አድርገሽ ጽፈሻቸዋል። ከድሬ ዳገቱን ወጥተሽ ደንገጎ ስትደርሺ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቁልቢ በአዲስ አበባው በኩል ነው፣ ሐረር ደግሞ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ በሌላው። ጠዋት አንዱን ከሰዓት ሌላውን ካልሽ ቀኑን ሙሉ የምታይው የአይሱዙ ኋላ ብቻ ይሆናል። ቁልቢን ታህሳስ 19 ወይም ሐምሌ 19 ከሕዝቡ ጋር መጥተሽ ተሳለሚ።

ሐረር ላይ እንደምትከራከሪኝ አውቃለሁ። «55 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ትያለሽ። ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው። ግን ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ ሌላው እስኪመጣ እዚያው ውስጥ ትቀቀያለሽ። ከዚያ ዳገቱ አለ፣ ጠመዝማዛው አለ፣ እየተንፏቀቀ የሚወጣ ጭነት መኪና አለ። ስትመለሺም ያው ነው፤ ያኔ ደግሞ አውሮፕላን ያመልጠኛል የሚል ጭንቀት ይጨመርበታል። ጀጎል ማለት ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ ሰው ጠፍቶ የሚገኝበት የጠባብ መንገድ መዓት ነው። እሱን በየደቂቃው ሰዓት እያየሽ ልትዞሪው? ባይሆን አንድ ሌሊት የምታድሪበት ቀን ጠብቂለት፤ ጅቡንም ያኔ ታበይዋለሽ።

ደግሞስ ባቡሩ ራሱ መች ሐረር ወጣና! ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ወጪው ሲከብድባቸው ሐዲዱን ታች ሜዳው ላይ ዘረጉት፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃሉ ላሉት ዓመታት ወደ መሃል አገር የሚሄድ መንገደኛም ዕቃም የሚወርደው እዚሁ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው በበቅሎ ነው። ስለዚህ ከባቡር ወርዶ ቀጣዩን ጉዞ የሚጠብቅ እንግዳ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ሰፈሬ ከዚራም የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ አውራ ጎዳናዎቿ ሁሉ ወደ ጣቢያው ያደርሱሻል።

ስቶክሆልም ያለችው የአክስታችን ልጅ በባልቲክ ባሕር ላይ በመርከብ ስትዞር የነገረችኝን ልንገርሽ። መርከቡ ለአንድ ቀን ቫርነሙንደ የምትባል የጀርመን የወደብ ከተማ ላይ ይቆማል፤ ማስታወቂያው ግን «በርሊን» ነው የሚለው። በርሊን በባቡር ወይም በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። መሄጃና መመለሻ ስድስት ሰዓት! አብዛኛው ሰው ግር ብሎ ሄደ። እሷ በከተማ ባቡር ብድግ ብላ ቅርቧ ያለችው ሮስቶክ ገባች፤ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ1472 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ቀንና ወር የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት አለ፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ባሕሩ ዳር ዓሣ በዳቦ በላች። ማታ እራት ላይ የበርሊኖቹ ሰዎች ያወሩት ስለ መንገዱ ነው አለችኝ። እኔም ለአንቺ የምለው ይህንኑ ነው፤ መርከብሽ ያቆመበትን ከተማ እይ።

እሷ የነገረችኝ ሌላም ቁም ነገር አለ። ታሊንና ሄልሲንኪ ከስቶክሆልም በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። መርከቡ ሰዓቱን ወደ ወደቡ ሰዓት ከቀየረ አንቺ ያልቀየርሽውን የእጅ ሰዓትሽን አምነሽ ስትዝናኚ ልትሳሳቺ ትችያለሽ፤ መርከብ ደግሞ ብቻውን የወጣ ሰው አይጠብቅም። የእኛም ትኬት እንደዚያው ነው። ትኬትሽ ላይ 18:30 ካለ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ባጃጅ ነጂው ደግሞ «ስድስት ሰዓት ተኩል» ስትይው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚመጣልሽ። ዛሬ ማታ ሁሉንም ወደ እኛ አቆጣጠር ገልብጠሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ፕሮግራምሽንም ከማታው ጀምረሽ ወደ ኋላ ሥሪ፤ መጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያ የምትደርሺበት ሰዓት፣ ከዚያ ከቤቴ የምትወጪበት፣ ከዚያ ሌላው። አባ ተና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ለከተማው ቅርብ ነውና በዚህ በኩል አትጨነቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ድሬ ላይ ቀኑን የሚከፋፍለው ፀሐዩ ነው። በሞቃቱ ወራት ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ጠዋት ከተማው ንቁ ነው፣ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል፣ ሲበርድ እንደገና ይነሳል። አዲስ አበቤዎች ጠዋት ሆቴል ውስጥ ቁርስ ሲያማርጡ ቆይተው ልክ በሰባት ሰዓት ገበያ ይወጣሉ፤ ከዚያ «ድሬ ምንም የላትም» ብለው ይመለሳሉ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባለሱቁ የጫት በርጫ ላይ ሆኖ፣ ምን ሊያዩ ኖሯል?

ስለዚህ እንደደረስሽ ሻንጣሽን እኔ ጋ ጣይና በቀጥታ ወደ ቀፊራ። ባጃጅ ከመግባትሽ በፊት «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» ብለሽ ተስማሚ፤ ዝም ብለሽ ከገባሽ ኮንትራት ነው የሚሆነው። የደቻቱን ወንዝ ስትሻገሪ መጋላ ሰፈር ገባሽ። ደቻቱ በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይቸረቸርበታል። በክረምት ግን አደራ፣ በድልድዩ ብቻ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ውኃው በድንገት ነው የሚመጣው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከዚራም መጋላም ያ ሌሊት ያልነካው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ቀፊራ ቅስት ያለው በር አለው፤ ግን ቆመሽ በሩን አታድንቂ፣ ግቢ። የገጠር ኦሮሞ ሴቶች ወተትና አትክልት ይዘው፣ ሶማሌዎቹ ሽቶና ዕጣን ዘርግተው ታገኛቸዋለሽ። አንዲት ዕጣን ሻጭ አጠገብ ቁጢጥ በይና እጇን ተመልከቺ። ከሦስት ጆንያ ታሳይሻለች፤ አንዱ አቧራ የለበሰ ስብርባሪ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ፍም ላይ ጣል ስታደርገው ወዲያው የሚሸት። መጀመሪያ የምትጠራው ዋጋ ለመጨዋወት ነው፤ ሳቂና ግማሹን በይ፣ መሃል ላይ ትገናኛላችሁ። ደግሞ ሽማግሌውም ልጁም «አንቺ» ሲልሽ እንዳትቀየሚ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ አንቺም ለሰባ ዓመቱ አዛውንት «አንተ» ብትይ ማንም አይቆጣሽም፣ እንዲያውም ወንበር ይስብልሻል።

ቁርስሽን እዚያው መጋላ ብዪ። ፈጢራ በማር ወይም ፉል፣ ከዚያ ሻይ በወተት። ሆጃ ካገኘሽ እንዳታልፊው፤ የቡና ገለባ ፈልቶ ወተት ይገባበታል፣ አዲስ አበባ እንደ ልብ አይገኝም። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ገበያሽን ጨርሺ፣ ሱቁ ለጁምዓ ይዘጋል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ቁርስ ቤትሽን ከዚራ ላይ ፈልጊ፤ መንገድ ላይ ውኃ እየጠጣሽ አትሂጂ፣ ነውር ነው።

ታይዋንን ባትሄጂ ደስ ይለኛል። ኤሌክትሮኒክስና ሸቀጡ ብዙ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ዕድሜ ይፈጃል፣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይዘሽ ስትወጪ ደግሞ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ይመጣል። ስልክ እዚያው አዲስ አበባ ሜክሲኮም ይሸጣል።

ከቀፊራ ተመልሰሽ ገና አምስት ሰዓት ሳይሆን የድሮው ጣቢያ ድረሺ። «የድሮው» የምትለዋን ቃል ባጃጅ ነጂው ላይ አጥብቂበት፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጪ ነው፣ ዝም ብለሽ «ባቡር ጣቢያ» ካልሽው እዚያ ይወስድሽና ሰዓትሽ ያልቃል። የድሮውን የምታይው በሥራ ሰዓት ነው፤ በር ላይ ፈቃድ ጠይቂ፣ የሚጠየቀውን ክፍያ ክፈይ፣ ፎቶውንም አስፈቅደሽ አንሺ። ጥገና ክፍሉ ውስጥ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ቶርኖዎች፣ የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ ባለ እንጨት ወንበር ፉርጎዎች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዉ ነው። ባቡሩ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ የቡሎኑን ስም እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚጠሩ አዛውንቶች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሊያስጎበኝሽ ከወጣ አታጣድፊው። ከ784 ኪሎ ሜትሩ መስመር እያንዳንዱን ጣቢያ በስሙ ይቆጥርልሽ ይሆናል፤ አዳምጪ።

ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን ዋሻም አንድ ሰው ይነግርሽ ይሆናል። ቅርብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ዓንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን ያገኙት፣ ለሰው ልጅ ጥንታዊ ታሪክ ትልቅ ቦታ ነው። ግን አቀበት ነው፣ ፀሐዩም አናትሽ ላይ ነው። ለእሱም ሌላ ጠዋት ይሰጠው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚራ ቤቴ ትገቢያለሽ። ሩዝ በሥጋ አዘጋጃለሁ፣ ወለሉን ውኃ እረጨዋለሁ፣ ፍራሹ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። እዚህ ላይ እንዳትሟገቺኝ፤ «ጊዜዬን በእንቅልፍ ላባክን?» እንዳትዪ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ውጪ ብትዞሪ የምታገኚው ራስ ምታት ነው። ጎረቤት በርጫ ላይ ቢጠራሽ መሄድ ትችያለሽ፤ «አልቅምም» ማለት አያስቀይምም፣ ሻይ ይዘሽ ተቀመጪና ጨዋታውን ስሚ። የከተማው ወሬ በሙሉ እዚያ ነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነስተሽ ከዚራን በእግርሽ ዙሪ። ለዚህ ባጃጅ አያስፈልግሽም። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ የፈረንጅ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች የኖሩባቸው ባለ በረንዳ ቤቶች አሉ፣ ጥላው አይቋረጥም። በግንቦት ከመጣሽ የድሬዳዋ ዛፍ በሙሉ ቀልቶ ታገኚዋለሽ፤ አዲስ አበባም የሚበቅለው ያ ቀይ አበባ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አንድ ጥግ ይዘሽ የሎሚ ጭማቂ እዘዢ፤ ሴቱ ሁሉ ሰፊ የጥጥ ቀሚሱን ለብሶ ሲወጣ ያኔ ታያለሽ። አንቺም እንደዚያው ልበሺ፣ ጂንስሽን እዚያው አዲስ አበባ ተዪው። ጫማም ክፍት ይሁን።

ለእናታችን ሃላዋ ግዢላት፤ ሲቆረጥ የሚፍረከረከውን ሳይሆን ዘይቱ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨውን። በፌስታል ብቻ አታምጪው፣ በአውሮፕላን ቦርሳ ውስጥ ይቀልጥና ልብስሽን ያበላሻል፤ ክዳን ያለው ዕቃ እኔ እሰጥሻለሁ።

የማታውን ባጃጅ እኔ ከቀን ነው የምይዝልሽ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ስልኩን እሰጥሻለሁ። እሱ ቢቀር ብለሽ የሁለተኛ ሰው ስልክም ያዢ፤ ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? ጠዋት ግን ከአውሮፕላን እንደወረድሽ ለኔ ደውዪ፤ ነጂውን «ከዚራ፣ ከድሮው ጣቢያ ወረድ ብሎ» በይውና ስልኩን አቀብዪው፣ የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ።