የሜዳ ቴኒስ ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስና በሩጫ ነው። በእግር ኳስ ጎል ጎል ነው፤ በ1ኛው ደቂቃ ቢገባም በ90ኛው ደቂቃ ቢገባም ዋጋው አንድ ነው። በሩጫም ቀድሞ የገባ አሸነፈ፤ ክርክር የለም። ወደ ሜዳ ቴኒስ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዳኛው «15 ለባዶ» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ «40 ለ 30» ይላል፤ ከዚያም ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደገና ከባዶ ይጀመራል። በመኖሪያችን የጋራ አዳራሽ ቴሌቪዥን የሚመለከት ወንድም ወይም እኅት ጥቂት ታግሦ «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ከጨዋታው የሚያርቀን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ አለመግባቱም ነው።

ጉዳቱም በመመልከት ብቻ አያበቃም። ወደ ሜዳ የሚወጡት ጥቂት አባሎቻችን ያለ ዳኛ ስለሚጫወቱ በነጥብ ሳይግባቡ ሲጨቃጨቁ፣ አንዳንዴም ተኳርፈው ሲለያዩ ይታያል። በሰው አገር በጥቂት ቁጥር ስንኖር በአንዲት ኳስ መኳረፍ አይገባንም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቴኒስ ነጥብ አቆጣጠር የራሱ የሆነ ግልጽ ሥርዓት እንዳለው ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ያለ ዳኛ የምንጫወት ሰዎች ነጥባችንን እንዴት በሰላም መያዝ እንደምንችል ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ዋናው ሐሳብ፦ ነጥብ አይደመርም

በቴኒስ አራት ደረጃዎች አሉ፤ ነጥብ፣ ጌም፣ ዙርና ግጥሚያ። ነጥቦች ተሰብስበው ጌም፣ ጌሞች ተሰብስበው ዙር፣ ዙሮች ተሰብስበው ግጥሚያ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ «ዙር» ያልነው እንግሊዞች «ሴት» የሚሉትን ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ከሌላው ቃል ጋር እንዳይምታታ ብለን ነው። የዐረብኛውን ቴሌቪዥን ለሚከታተሉ ደግሞ ነጥብ «ኑቅጣ»፣ ጌም «ሸውጥ»፣ ዙር «መጅሙዓ» ይባላል።

ሐሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት ሰዎች እህል በቁና ይሞላሉ እንበል። ቀድሞ ቁናውን የሞላ «አንድ» ይቆጠርለታል። ያልሞላው ግን ግማሽም ይያዝ እስከ አፉ ሊደርስ ጥቂት ይቅረው፣ የያዘውን ሁሉ ይደፋል። ከዚያም ሁለቱም ባዶ ቁና ይዘው እንደገና ይጀምራሉ። የቴኒስ ሕግ ይህን ይመስላል። ጌሙን ያጣ ሰው በዚያ ጌም ያገኘው ነጥብ ወደሚቀጥለው አይተላለፍለትም። ዙሩን ያጣ ሰው በዚያ ዙር ያሸነፋቸው ጌሞችም እንዲሁ። ይህን አንድ ሐሳብ የያዘ አንባቢ የቀረው ሁሉ ይቀለዋል።

ለ. አንድ ጌም እንዴት ይሸነፋል?

በአንድ ጌም ውስጥ ሰርቪስ የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጌም ተራው የተጋጣሚው ይሆናል። መቺው መጀመሪያ ከቀኝ በኩል፣ ቀጥሎ ከግራ በኩል እያፈራረቀ ይመታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ዕድል አለው፤ ሁለቱንም ካበላሸ ነጥቡ የተጋጣሚው ነው። ሰርቪሱ መረቡን ነክቶ በተገቢው ክልል ውስጥ ካረፈ ግን አይቆጠርም፤ ይደገማል።

ነጥቡ የሚጠራው እንደሚከተለው ነው፦

ምንም ነጥብ የሌለው — ባዶ (በእንግሊዝኛ አጠራር «ላቭ»)
1 ነጥብ ያገኘ — 15
2 ነጥብ ያገኘ — 30
3 ነጥብ ያገኘ — 40
4ኛውን ነጥብ ያገኘ — ጌም

እንግዲህ 15፣ 30 እና 40 መጠኖች ሳይሆኑ ስሞች ናቸው። አጠራሩ ከጥንቱ የፈረንሳዮች ጨዋታ የተወረሰ ነው። በዚያ ጨዋታ ሦስተኛው ነጥብ 45 ነበር፤ በኋላ አጥሮ 40 ተባለ። ስለዚህ «40 ለ 15» ሲባል «3 ለ 1» ማለት ነው እንጂ በ25 ይበልጣል ማለት አይደለም።

ሁልጊዜ በመጀመሪያ የሚጠራው የሰርቪስ መቺው ነጥብ ነው። መቺው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ካጣ «ባዶ ለ 30» ይባላል።

ሁለቱም 40 ላይ ሲደርሱ «ዲውስ» ይባላል፤ የዐረብኛው ዘጋቢ «ተዓዱል» የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ነጥብ ብቻ አይበቃም። በተከታታይ ሁለት ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ያገኘ «አድቫንቴጅ» ወይም ብልጫ ይዟል ይባላል፤ ሁለተኛውን ከጨመረ ጌሙን ይወስዳል፤ ካጣ ወደ ዲውስ ይመለሳሉ። ይህ መመላለስ ወሰን የለውም። በአንዳንድ ውድድሮች፣ በተለይም በጥንድ ጨዋታ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በዲውስ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ እንዲለይ ይደረጋል።

ሐ. ዙርና መለያ

ዙሩን የሚያሸንፈው ቢያንስ በ2 ጌም በልጦ 6 ጌም የደረሰ ነው። 6 ለ 4 ይበቃል፤ 6 ለ 5 ግን አይበቃም፤ 7 ለ 5 መድረስ አለበት። ሰርቪስ መምታት ብልጫ ስለሚሰጥ መቺው በተራው ጌሙን ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል። ተቀባዩ ጌሙን ሲነጥቀው «ብሬክ» ይባላል። ብዙ ዙር የሚወሰነው በአንድ ብሬክ ነው።

6 ለ 6 ከሆኑ «ታይብሬክ» የሚባል መለያ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ አቆጣጠሩ እንደ ተራው ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። ቢያንስ በ2 ነጥብ በልጦ 7 የደረሰ ዙሩን 7 ለ 6 ይወስዳል። መጀመሪያ አንዱ አንድ ሰርቪስ ይመታል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው በየተራ ሁለት ሁለት ይመታሉ፤ በየ6 ነጥቡም ጎን ይለዋወጣሉ። በጋዜጣ «7–6 (4)» ተብሎ የምናየው መለያው 7 ለ 4 አለቀ ማለት ነው፤ በቅንፍ የሚጻፈው የተሸናፊው ነጥብ ነው።

መለያው ድሮ አልነበረም። ያሮስላቭ ድሮብኒ የተባለው ትውልደ ቼኮዝሎቫክ ተጫዋች በግብፅ ዜግነት እየተጫወተ በ1954 ዊምብልደንን ያሸነፈው አውስትራሊያዊውን ኬን ሮዝዎልን 13–11፣ 4–6፣ 6–2፣ 9–7 ረትቶ ነው። 13 ለ 11 የተባለው በዚያን ጊዜ ሁለት ጌም ልዩነት እስኪገኝ ዙሩ ይቀጥል ስለነበር ነው። በ1969 እዚያው ዊምብልደን የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌስ ቻርሊ ፓሳሬልን 22–24፣ 1–6፣ 16–14፣ 6–3፣ 11–9 ሲያሸንፍ ግጥሚያው 112 ጌም ሆነ፤ ከ5 ሰዓትም በላይ ፈጀ። አሜሪካዊው ጂሚ ቫን አለን ያቀደው መለያ በ1970 በአሜሪካ ኦፕን፣ በ1971 በዊምብልደን ሥራ ላይ ዋለ። ቢሆንም የመጨረሻው ዙር በብዙ ቦታ እንዳለ ቀረ። ከ2022 ወዲህ ግን በአራቱም ታላላቅ ውድድሮች በመጨረሻው ዙር 6 ለ 6 ሲሆን እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር መለያ ይደረጋል።

ግጥሚያው በአብዛኛው ከ3 ዙር 2 ላሸነፈ ነው። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የወንዶች ነጠላ ግን ከ5 ዙር 3 ይጠይቃል።

ስለ ዕረፍትም አንድ ቃል እንጨምር። ተጫዋቾች በየዙሩ ከ1ኛው፣ ከ3ኛው፣ ከ5ኛው ጌም በኋላ እያሉ ጎን ይለዋወጣሉ። በነጥብና በነጥብ መካከል የሚፈቀደው 25 ሴኮንድ፣ ጎን ሲለዋወጡ 90 ሴኮንድ ነው፤ ከዙሩ የመጀመሪያ ጌም በኋላ ግን ሳያርፉ ይለዋወጣሉ። ሕክምና የሚያጠና ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ የልብ ምት ጥቂት የሚረግበው፣ ውኃ የሚጠጣው በእነዚህ አጫጭር ጊዜያት ነው። በዚህ አገር ሙቀት የሚጫወት ሁሉ 90ውን ሴኮንድ በጥላ ሥር ቢጠቀምበት ይበጀዋል።

መ. ብዙ ነጥብ ያገኘ ለምን ይሸነፋል?

ነጥብ አይደመርም ያልነው እዚህ ላይ ፍሬውን ያሳያል። ተጫዋች ሀ እና ተጫዋች ለ ተጋጠሙ እንበል። የመጀመሪያውን ዙር ሀ አንድም ነጥብ ሳያስነካ 6 ለ 0 አሸነፈ፤ 24 ነጥብ ለባዶ ማለት ነው። የሚቀጥሉትን ሁለት ዙሮች ለ 6–4፣ 6–4 አሸነፈ። በእነዚህ ዙሮች ሀ ያገኛቸው ጌሞች ሁሉ በ4 ነጥብ ለባዶ፣ ለ ያገኛቸው ግን በ4 ለ 2 ነበሩ። ሲደመር ሀ 80 ነጥብና 14 ጌም፣ ለ 48 ነጥብና 12 ጌም አላቸው። አሸናፊው ግን ለ ነው። የመጀመሪያው ዙር 6 ለ 0 ቢሆንም 7 ለ 6 ቢሆንም የሚቆጠረው አንድ ዙር ብቻ ነውና።

ይህ የወረቀት ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ኖቫክ ጆኮቪች ሮጀር ፌደረርን 7–6 (5)፣ 1–6፣ 7–6 (4)፣ 4–6፣ 13–12 (3) አሸነፈ። ነጥቡን ለደመረ ግን ፌደረር 218፣ ጆኮቪች 204 ነበሩ። በጌምም ፌደረር 36 ለ 32 ይበልጣል። ከዚህም በላይ በመጨረሻው ዙር ፌደረር 8 ለ 7 እየመራ፣ በራሱ ሰርቪስ 40 ለ 15 ደርሶ፣ ለዋንጫው አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጆኮቪች ግን ሦስቱንም መለያዎች አሸነፈ። በ2010 ደግሞ በዚያው ዊምብልደን ጆን አይስነር ኒኮላ ማዩን በመጨረሻው ዙር 70 ለ 68 ረታ። ግጥሚያው በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጀ። ነጥቡ 502 ለ 478 ሲሆን 502ቱ የተሸናፊው የማዩ ነበር።

«ታዲያ ይህ ፍትሕ ነውን?» የሚል ይኖራል። መልሱን በሒሳብ እንየው። ሰርቪስ ሲመታ ከ100 ነጥብ 60 የሚያገኝ ተጫዋች ከ100 ጌም ወደ 74 ያህል ያሸንፋል። ስለዚህ ሥርዓቱ በመጠኑ የሚሻለውን ተጫዋች ይጠቅመዋል እንጂ አይበድለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ክብደት የለውም። 40 ለባዶ እየመሩ አንድ ነጥብ ማጣት እምብዛም አይጎዳም፤ በ30 ለ 40 ላይ ማጣት ግን ጌሙን ያሳጣል። የቴኒስ ጥበብ በዚያች ከባድ ነጥብ ላይ ጸንቶ መቆም ነው።

በሌላ በኩል ሥርዓቱ ተሸናፊውን ከቶ አይዘጋበትም። በእግር ኳስ 5 ለ 0 የሚመራ ቡድን ሰዓቱን እያየ ኳስ ያንከባልላል። በቴኒስ የሚያድን ሰዓት የለም፤ የሚመራውም ሰው የመጨረሻዋን ነጥብ ራሱ ማሸነፍ አለበት። በ2022 የዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቢር የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ስትወስድ ብዙ የዐረብ ተመልካች ዋንጫው መጣ ብሎ ነበር። ለካዛኪስታን የምትጫወተው ኤሌና ሪባኪና ግን የቀሩትን 6–2፣ 6–2 ወስዳ ባለ ድል ሆነች።

ሠ. ያለ ዳኛ ስንጫወት

የሚከተሉት አራት ነጥቦች ዳኛ በሌለበት ጨዋታ የሚሠራባቸው ናቸው፤ አባሎቻችን ቢይዟቸው ጭቅጭቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

1. ሰርቪስ የሚመታው ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ውጤቱን ጮክ ብሎ ይጥራ፤ ተጋጣሚው በዚያው ጊዜ ሊያርመው ይችላል።

2. ኳስ ወጣ ወይም ገባ የሚለው በራሱ ሜዳ በኩል ያረፈችበት ተጫዋች ነው። መስመር የነካች ኳስ ገብታለች።

3. የተጠራጠረ ለተጋጣሚው ይፍረድ። በእርግጥ ወጥታ ያላያትን ኳስ «ወጣች» ማለት አይገባውም።

4. በውጤት ካልተግባቡ የተስማሙባቸው ነጥቦች ይጸናሉ፤ ያከራከረው ብቻ ይደገማል። ለምሳሌ አንዱ «40 ለ 30»፣ ሌላው «30 ለ 40» ቢል፣ ያልተስማሙት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ሁለት ሁለት ማግኘታቸውን ሁለቱም ያምናሉ። ስለዚህ ከ30 እኩል ይቀጥላሉ።

ይህ አራተኛው ሕግ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ማን ዋሸ፣ ማን ተሳሳተ ብሎ አይመረምርም፤ የጋራ የሆነውን ይዞ የሚያከራክረውን ብቻ እንደ አዲስ ያስጀምራል። ለኛ ዓይነቱ አነስተኛ ማኅበር ከሜዳ ውጭም ቢሆን የሚጠቅም ልማድ ነው።

መልመጃ

1. ሰርቪስ መቺው የመጀመሪያውን ነጥብ አገኘ፤ ቀጥሎ ሦስት በተከታታይ አጣ። ውጤቱ እንዴት ይጠራል? ቀጥሎ ሁለት ቢያገኝስ?

2. ዙሩ 6 ለ 5 ነው። የሚመራው ቀጣዩን ጌም አጣ። ምን ይደረጋል? በዚያም 6 ለ 6 ነጥብ ቢሆኑ በስንት ያልቃል?

3. በመለያው 1ኛውን ሰርቪስ ሀ መታ። 2ኛውንና 3ኛውን ማን ይመታል? 4ኛውንስ?

መልስ፦ (1) 15 ለ 40፤ ቀጥሎ ዲውስ። (2) ታይብሬክ፤ 7 ለ 6 ስለማይበቃ ቢያንስ 8 ለ 6። (3) 2ኛውንና 3ኛውን ለ፤ 4ኛውን ሀ።

ሦስቱንም የመለሰ አባል ከእንግዲህ ቴሌቪዥኑ ፊት «ምን ተባለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሳይሆን ለጓደኛው የሚያስረዳ ነው። ራኬት የሌለው ካለው ይዋስ፤ የሚችለው ለማይችለው ያሳይ፤ ሁለቱም ውጤቱን ጮክ ብለው እየጠሩ ይጫወቱ።