የእግረኛና የብስክሌት መንገዳችን ለማን ነው?



መንገድ ተሠራ ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ሲዘረጉ ካየን በኋላ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በር የሚያደርሰው መንገድም ተራው ደርሶት እንዲታደስ እንመኛለን። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ያምራል?» የሚለው ሳይሆን «ማን ማን ይሄድበታል?» የሚለው ይመስለኛል።

ከመዘምራኖቻችን መካከል በዊልቸር የሚመጣ ወንድም እንዳለ ታውቃላችሁ። ይህ ወንድም የሚጓዘው በእግረኛው መንገድ አይደለም፤ በአስፋልቱ ዳር ከሚኒባስና ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ነው። ለምን ቢባል፣ የእግረኛው መንገድ አብዛኛው ደልዳላ ቢሆንም በሦስት ቦታ ይቋረጣል፤ ይኸውም በአንድ ከፍ ያለ የጠርዝ ድንጋይ፣ ክዳኑ በጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድና በመካከሉ በተተከለ የመብራት ምሰሶ ነው። እኛ እነዚህን ዘለል ወይም ዞር ብለን እናልፋቸዋለን። ለእርሱ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ መንገዱን በሙሉ ለመዝጋት ይበቃል። አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ቢስተካከልና በመካከሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት አንዲት ደረጃ ብትቀር፣ ለዊልቸር ተጓዥ የተሠራለት እስከዚያች ደረጃ ድረስ ያለው ብቻ ነው። ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ መውረጃ ካገኘ ነው!

ታዲያ ደረጃዋን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ የሚደረገው በግርጌዋ ጥቂት ሲሚንቶ መለጠፍ ነው። ይህ በጎ ፈቃድ እንጂ ራምፕ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ለአንድ ክንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው። እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ የሚገፋው ሰውም ጉልበት ይከዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን በመንገዱ መግቢያ ላይ የሚተከለው የብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የሚተከለው በቅን ልቡና ነው፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ገብተው ሕፃናትንና አረጋውያንን እንዳይገጩ። ሆኖም እስቲ እናስላው። ሞተር ብስክሌት ከመሪው ጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከዊልቸር ስፋት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሞተርን የሚከለክል ክፍተት ዊልቸርንም ይከለክላል፤ አንዳንድ ወገኖቻችን በእጃቸው እያሽከረከሩ የሚሄዱበትን ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ደግሞ ጨርሶ አያሳልፍም። ባጃጅ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በምሰሶዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ20 ቢተው ባጃጁ ይቀራል፣ ዊልቸሩም ያልፋል። ሞተሩስ? ሞተሩን በብረት ሳይሆን በደንብና በሰው ነው መከልከል ያለብን። የጥፋተኛውን ቅጣት ያላጠፋው መሸከም የለበትምና።

ዓይነ ሥውራንን በተመለከተ፣ በአዳዲስ መንገዶች ላይ የምናየው ጎርባጣ ንጣፍ ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ንጣፉን ያሰበው ሰይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተነጠፈውም በ1967 እ.ኤ.አ. በኦካያማ ከተማ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ረጃጅሞቹ መስመሮች «በዚህ ሂድ» ማለት ናቸው፤ ክብ ክቦቹ ጉብታዎች «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ይላሉ። እንግዲህ ሊስትሮው ሣጥኑን፣ ባለ ሱቁም የለስላሳ ሣጥኑን በመስመሩ ላይ ቢያስቀምጡ ምልክቱ አሳሳች ይሆናል። ነጭ በትር መሬት ላይ ያለውን ይነካል እንጂ ወደ መንገዱ የተንዘረጠጠውን የዛፍ ቅርንጫፍ አይነካም፤ እርሱን የሚያገኘው ፊት ነው።

ብስክሌትንም አንርሳ። ሞተር የሌለው ብስክሌት ድምፅ የለውም። የእግረኛውንና የብስክሌቱን ድርሻ የሚለየው የቀለም መስመር ብቻ ከሆነ፣ ለማያይ ሰው ምንም አልተለየም፤ በበትር ወይም በእግር የሚታወቅ ልዩነት ሊኖር ይገባል። ብስክሌት የምትነዱ ወንድሞች ደወሉን ከሩቅ ብታሰሙ መልካም ነው፤ ጆሮ ሥር ሲደርሱ መደወል ግን ማስደንገጥ ነው።

ኮብልስቶኑ ከጭቃ አድኖናል፤ ስለዚህ ይነቀል አልልም። ሆኖም የድንጋዮቹ መጋጠሚያ የዊልቸርን ትንንሽ የፊት ጎማዎች ይይዛል፣ ምርኩዝ የያዙ እናቶቻችንንም ያደናቅፋል። በመካከሉ 1 ሜትር ከ50 ያህል ስፋት ያለው ለስላሳ መሄጃ ቢነጠፍ ይበቃል።

ይህን ሁሉ እንደ ምጽዋት የምንለምነው አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር ሕንፃን ብቻ ሳይሆን መንገድንም ይጨምራል። ወደ ወረዳው ስንሄድ ይህን ይዘን መሄድ እንችላለን፤ ከዚያ በፊት ግን የራሳችን ልኬት ያስፈልገናል።

ስለሆነም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ በር ተገናኝተን መንገዱን እስከ አስፋልቱ እንለካለን። ከፊት የሚሄደው በዊልቸር የሚመጣው ወንድማችን ነው፤ እርሱ በቆመበት ሁሉ እንቆማለን፣ ከፍታውንና ስፋቱን እንጽፋለን። የዛፎቹን ቅርንጫፍና የተከመረውን ድንጋይ ግን ወረዳውን ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ማንሳት እንችላለን። ሜትር ያለው ሜትር፣ መጋዝ ያለው መጋዝ ይዞ ይምጣ።