ሚኒሞ አልይዝ ያለው ቮልስ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን አይጠፋም። ሆኖም የአንድ ጓደኛችን አባት 1300 ቮልስዋገን በሚኒሞ ሲሠራ እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግር፣ አንድ ጋራዥ «ካርቡራተሩ ይለወጥ» ብሎ ፈረደበት። ዋጋው የልጁን የሴሚስተር ወጪ የሚበላ ነበር። እኛም ፍርዱ ከምርመራ በኋላ ይሁን አልን።

በመጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቀን፣ የካንዴላዎቹን ገመድ በየተራ ነቀልን። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ካንዴላው ይታያል፤ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን፣ መንጣቱ የቤንዚን ማነስን ያመለክታል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሦስተኛ፣ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር፣ የቫልቮቹም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር መሆኑ ይለካል። አራተኛ፣ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ አየር ሾልኮ ይገባል ማለት ነው። የካርቡራተሩ ብሎን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የእኛ ጥፋተኛ ሦስተኛው ሲሊንደር ሆነ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት አጥቶ በደንብ አይዘጋም ነበር፤ ቢዘገይ ኖሮ ይቃጠል ነበር። ወጪያችን አንድ ጋርኒሲዮንና አንድ ጧት ብቻ ሆነ፤ ጓደኛችንም ትምህርቱን ቀጠለ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ሳይመረመር የሚፈረደው በካርቡራተር ላይ ብቻ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።