ትልቁ ዓሣ ትልቅ ልጅ ለምን አልወለደም?
ከካርፕ የዘረመል ጥናት የምንማረው

ገበሬ ለመጪው ዓመት ዘር ሲያስቀምጥ ፍሬው የሞላውን ይመርጣል፤ ላሞቹን የሚያስጠቃበትን ኮርማ ሲሻም ቁመናው ያማረውን፣ አጥንተ ሰፊውን ያያል። ይህ አሠራር ጥሩ ወላጅ ጥሩ ልጅ ይወልዳል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው፤ እምነቱም ብዙውን ጊዜ አያሳፍርም። ይሁን እንጂ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በኩሬ ውስጥ የተፈተነ አንድ ዓሣ ይህን እምነት ለአምስት ትውልድ ያህል ሳይቀበለው ቀረ። በየትውልዱ ትልልቆቹ እየተመረጡ ቢዋለዱም የልጆቻቸው የዕድገት ፍጥነት አልተሻሻለም። ይህ ዓሣ ካርፕ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሙከራ ምስጢር ለመረዳት እንሞክራለን። መንገዳችንም በዓይን ከሚታየው ቅርፊት ተነስተን በዓይን ወደማይታየው ጂኖም የሚወስድ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ካርፕ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ካርፕ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲፕሪነስ ካርፒዮ፣ ሲፕሪኒዴ ከሚባለው ሰፊ የጨው አልባ ውኃ ዓሦች ቤተሰብ የሚመደብ ነው። የትውልድ አገሩ የአውሮፓና የእስያ ወንዞችና ሐይቆች ሲሆኑ፣ የውኃውን ወለል እየፈለፈለ ትሎችን፣ የነፍሳት እጮችንና ዕፅዋትን ይመገባል። በቻይና ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ሲረባ ኖሯል። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን የገዳማትና የመሳፍንት ኩሬዎች ዋነኛ ዓሣ ነበር። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በትሬቦን ከተማ አጠገብ የሚገኘውና በ1590 ተሠርቶ ያለቀው ታላቁ የሮዠምበርክ ኩሬ እስከ አሁን ካርፕ ይረባበታል። ካርፕ በሰው እጅ ወደ አገራችንም ገብቶ በቆቃ ግድብና በዝዋይ ሐይቅ ይገኛል።

ለውርስ ጥናት አስፈላጊ የሆነ አንድ ጠባይ አለው። አንዲት ትልቅ እንስት ካርፕ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች። ስለዚህ አንድ አርቢ ከጥቂት ወላጆች ብቻ ኩሬዎቹን ሁሉ በጫጩት ዓሣ መሙላት ይችላል። ይህ በረከት የሚያስከትለውን መዘዝ ቆየት ብለን እናየዋለን።

ቅርፊት የሚገልጠው ውርስ

የዱር ካርፕ ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። በማርቢያ ኩሬዎች ግን አራት ዓይነት ካርፕ ይታያል፤ እነዚህም ባለ ሙሉ ቅርፊት፣ ጥቂት ትልልቅ የሚያብረቀርቁ ቅርፊቶች ያሉት መስታወት ካርፕ፣ በጎኑ ላይ በአንድ ረድፍ ቅርፊት የተሰለፈበት ባለ መስመር ካርፕ፣ እንዲሁም ቅርፊት የለሽ ሊባል የሚችለው ቆዳ ካርፕ ናቸው። ይህን ልዩነት ሁለት ጂኖች ብቻ እንደሚወስኑት የታወቀው በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው።

ሳይንቲስቶች እነዚህን ጂኖች ኤስ እና ኤን ይሏቸዋል። እኛ ገዥውን አሌል በራብዕ ፊደል (ሳ፣ ና)፣ ድብቁን አሌል ደግሞ በግዕዝ ፊደል (ሰ፣ ነ) እንጻፋቸው። እያንዳንዱ ዓሣ ከየጂኑ ሁለት አሌል፣ አንዱን ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ፣ ይወርሳል። ውጤቱም የሚከተለው ነው፦

ሳሳ ነነ ወይም ሳሰ ነነ፦ ባለ ሙሉ ቅርፊት
ሰሰ ነነ፦ መስታወት
ሳሳ ናነ ወይም ሳሰ ናነ፦ ባለ መስመር
ሰሰ ናነ፦ ቆዳ
ናና የያዘ ሁሉ፦ በመፈልፈያው ወቅት ይሞታል

የመጨረሻውን መስመር ልብ እንበል። ና የሚባለው አሌል ነጠላ ሆኖ ሲወረስ ቅርፊትን ይቀንሳል፤ እጥፍ ሆኖ ሲወረስ ግን ይገድላል። ስለዚህ አንድ አርቢ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለማጽዳት ይመቻል ብሎ ቆዳ ካርፕን ከቆዳ ካርፕ ቢያዋልድ፣ ከ1,000 የዳበሩ እንቁላሎች 250 ያህሉ ናና ሆነው ይሞታሉ፤ 500 ያህሉ ቆዳ፣ 250 ያህሉ ደግሞ መስታወት ይሆናሉ። ቆዳ ካርፕን ብቻ የሚወልድ ንጹሕ ዘር በምንም ዘዴ ሊገኝ አይችልም። ከዚህም በላይ ና የያዙ ዓሦች የክንፍ አጥንቶቻቸው ያነሱ ናቸው፤ ዕድገታቸውም ከሌሎቹ ይዘገያል። አንድ ጂን በቅርፊት ብቻ ሳይወሰን በብዙ የአካል ክፍሎች ላይ ሥራ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

የቅርፊት ውርስ እንዲህ በቀላል ስሌት ይገኛል። የዕድገት ፍጥነት ግን ብዙ ጂኖችና አካባቢው በአንድነት የሚወስኑት ባሕርይ በመሆኑ ነገሩ ይወሳሰባል።

የዶር ሙከራ

በእስራኤል የባሕር ዳርቻ በሚገኘው የዶር የዓሣ ምርምር ጣቢያ ሮም ሞአቭና ጊዮራ ዎልፋርት የተባሉ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ የመጣውን የኩሬ ካርፕ በሁለት አቅጣጫ መረጡት። በአንደኛው መስመር ፈጥነው ያደጉትን፣ በሁለተኛው መስመር ዘግይተው ያደጉትን ለወላጅነት አስቀሩ። ውጤቱን በ1976 ሲያሳትሙ ያስታወቁት የሚያስገርም ነበር። ዘገምተኞችን የመረጠው መስመር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ትውልዶች በግልጽ ወደ ታች ወረደ፤ ፈጣኖችን የመረጠው መስመር ግን ከአምስት ትውልድ በኋላም ምንም መሻሻል አላሳየም።

ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት ከኩሬው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ጫጩት ከወንድሞቹ አንድ ቀን ቀድሞ በመፈልፈሉ ወይም በአጋጣሚ ምግብ አጠገብ በመገኘቱ በጥቂቱ ይበልጣቸዋል እንበል። ይህ ጥቂት ብልጫ ሌሎቹን ገፍቶ አብልጦ እንዲበላ ያስችለዋል፤ አብልጦ በመብላቱ ደግሞ ይበልጥ ይገፋቸዋል። በወራት ውስጥ ትንሹ ልዩነት ትልቅ ይሆናል። መራጩ ይህን ግዙፍ ዓሣ ሲያነሣ ጥሩ ጂን ያነሣ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያነሣው ግን የዕድል ቀዳሚነትን ነው፤ ዕድል ደግሞ አይወረስም።

ሁለተኛው ምክንያት ተመራማሪዎቹ በንድፈ ሐሳብ ያቀረቡት ነው። ፈጥኖ የሚያድገው ዓሣ ከአባቱና ከእናቱ የተለያዩ አሌሎችን የወረሰው ቢሆንስ? እንዲህ ያሉ ሁለት ዓሦች ሲዋለዱ ከልጆቻቸው ግማሹ ብቻ እንደ ወላጆቹ ድብልቅ ይሆናል፤ ቀሪው ግማሽ ተመሳሳይ አሌሎችን ወርሶ ይዘገያል። መራጩ በየትውልዱ ድብልቆቹን ቢለቅምም በሚቀጥለው ትውልድ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ እዚያው በሙከራው ውስጥ ተገኝቷል። ያለ ምርጫ በዘፈቀደ የተዋለዱት ማነጻጸሪያ መስመሮች በዘመዳሞች መራባት ምክንያት እጅግ ደከሙ፤ ሁለቱ ሲዳቀሉ ግን ዲቃላዎቹ ከፍተኛ ብርታት አሳዩ። ከጥቂት ወላጆች ብዙ ጫጩት ማግኘት መዘዝ አለው ያልነው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጡም። ግለሰብ ዓሦችን መምረጥ ትተው ቤተሰቦችን በአማካይ ዕድገታቸው እያነጻጸሩ ሲመርጡ ከፍ ያለ መሻሻል አገኙ። በአማካይ ውስጥ የአንዱ ዕድለኛነት በሌላው ዕድለ ቢስነት ይካካሳል፤ ጎልቶ የሚቀረውም ቤተሰቡ በጋራ የወረሰው ነው። ሙከራው ሌላም ትምህርት ሰጥቷል፤ በኩሬ የበለጠው ዘር በመረብ ሣጥን ውስጥ ሲረባ የግድ አይበልጥም። ስለዚህ «ምርጥ ዘር» ስንል «ለየትኛው ውኃ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ወላጅን በዲ.ኤን.ኤ መለየት

ቤተሰቦችን ማነጻጸር ችግር ነበረበት። ጫጩቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ምልክት ሊደረግባቸው አይቻልም፤ ስለዚህ ምልክት እስኪሸከሙ ድረስ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ ኩሬ መቆየት ነበረበት። እንዲህ ሲሆን ደግሞ አንዱ ቤተሰብ የበለጠው በጂኑ ይሁን በኩሬው ለምነት መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው የተገኘው ማይክሮሳተላይት ከተባሉት አጫጭር ተደጋጋሚ የዲ.ኤን.ኤ ቅንጣቶች ነው። የድግግሞሹ ቁጥር ከግለሰብ ግለሰብ ስለሚለያይ ከክንፍ ላይ በተቆረጠች ትንሽ ናሙና የዓሣውን አባትና እናት ማወቅ ይቻላል። በ2004 የታተመ የፈረንሳይና የቼክ ተመራማሪዎች ጥናት 10 እንስቶችን ከ24 ተባዕት ጋር አዋልዶ ጫጩቶቹን በአንድነት አሳደጋቸው፤ ወላጆቻቸውንም በኋላ በዲ.ኤን.ኤ ለየ። ከዓሦቹ የክብደት ልዩነት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በውርስ የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቀላል ድርሻ አይደለም፤ ዘዴው ትክክል ከሆነና በወላጆቹ መካከል ልዩነት ካለ ካርፕ በምርጫ ሊሻሻል እንደሚችል ያሳያል።

ሁለት ጎተራ ያለው ጂኖም

ካርፕ 100 ክሮሞሶም ሲኖረው በቤተ ሙከራ የሚታወቀው የቅርብ ዘመዱ ዚብራ ዓሣ ያለው 50 ብቻ ነው። በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች የመስታወት ካርፕን ጂኖም አንብበው ከ52,000 በላይ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖችን ቆጠሩ፤ ይህም ከዚብራ ዓሣ ጂኖች እጥፍ ያህል ነው። በ2019 የወጣ ተከታይ ጥናት እንዳስረዳው እጥፍነቱ የመጣው ከ12 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በነበረ ጥንታዊ መዳቀል ነው። ሁለት የተለያዩ የዓሣ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የሁለቱም ክሮሞሶሞች ሙሉ በሙሉ በአንድ ዘር ውስጥ ተጠብቀው ቀሩ።

የዚህ እጥፍነት ጥቅም በመስታወት ካርፕ ላይ ይታያል። በ2009 በታተመ ጥናት ከላይ ሳ እና ሰ ያልነው ጂን ኤፍ.ጂ.ኤፍ.አር.1 ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ታወቀ። ይህ ጂን በአይጥ ላይ ፈጽሞ ቢበላሽ ፅንሱ ይሞታል። በካርፕ ግን ተመሳሳይ ቅጂዎች ስላሉት አንዱ ሲበላሽ ሌላው ዋናውን ሥራ ይሸፍናል፤ ዓሣው ቅርፊቱን አጥቶ በሕይወት ይኖራል። እህሉን በሁለት ጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ አንዱን ነቀዝ ቢበላበት በረሃብ እንደማያልቅ ማለት ነው።

ታሪኩ በአፍሪካ ምድር ተጨማሪ ምዕራፍ አለው። በ1912 መስታወት ካርፕ ከፈረንሳይ ወደ ማዳጋስካር ተወሰደ፤ አምልጦም በወንዞችና በሐይቆች ተባዛ። ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ በዱር ውኃ ውስጥ ሙሉ ቅርፊት ያላቸው ካርፖች ታዩ። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ዓሦች የተበላሸውን አሌል እንደያዙ ናቸው፤ ቅርፊታቸውን የመለሱላቸው ሌሎች ጂኖች ናቸው። በኩሬ ሳለ ያልታየ ልዩነት በዱር ኑሮ ተፈላጊ ሲሆን ብቅ አለ።

በሽታ ሲመጣ

ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ የታየው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1998 በእስራኤል የካርፕ ማርቢያዎች የተቀሰቀሰ በሽታ ስንጥብን እያበሰበሰ ዓሦችን በጅምላ ፈጀ። መንሥኤው ሰውን የማይነካ ሄርፐስ ቫይረስ ነበር፤ በኋላም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ተመራማሪዎች የተለያዩ ዘሮችን ለቫይረሱ አጋልጠው ሲያነጻጽሩ፣ በዕድገቱ የተመሰገነው ዶር-70 የተባለው ምርጥ ዘር ከአሙር ወንዝ የዱር ካርፕ ከመጣው ሳሳን ከተባለ ዘር ጋር የተዳቀለበት ወገን በተሻለ መጠን ከሞት ተረፈ። ለብዙ ዘመን እንደ ዝቅተኛ የሚቆጠረው የዱር ዓሣ ምርጡ ዘር ያልነበረውን ጋሻ ይዞ ተገኘ።

በ2018 ደግሞ በቼክ ሪፐብሊክ የተረቡ ከ1,200 በላይ ጫጩቶች ከ15,000 በሚበልጡ የዲ.ኤን.ኤ ምልክቶች ተመረመሩ። ከመቋቋም ችሎታው ልዩነት ግማሽ ያህሉ በውርስ የሚተላለፍ መሆኑ ታወቀ፤ ከጂኖሙ አንድ ክልልም ጉልህ ድርሻ እንዳለው ተለየ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ወላጅ የሚሆኑትን ዓሦች ለቫይረስ ሳያጋልጡ በዲ.ኤን.ኤ ብቻ ለመምረጥ መንገድ ይከፍታል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን የካርፕ ማርቢያ የሚያቋቁም ሰው ከኩሬው ስፋት አስቀድሞ ስለ ወላጆቹ መጠየቅ ይኖርበታል። ስንት ናቸው? ዝምድናቸውስ? ጥቂት ግዙፍ ዓሦችን ከአንድ ኩሬ ለቅሞ ማርባት የዶርን ስሕተት መድገም ነው። በተጨማሪም ካርፕ የውኃ ወለል እያመሰ ዕፅዋትን የሚነቅል መጤ ስለሆነ ወዳልገባባቸው ውኃዎች እንዳያመልጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥሪታችን ግን ሌላ ቦታ ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት የላቤዎባርበስ ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ክሮሞሶሞቻቸው 150 በመሆናቸው ከካርፕም የላቀ ብዜት አላቸው። በጣና ከአሥራ አራት የማያንሱ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች ተለይተው የተገለጹ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰዓት በወንዙ አፍ የሚዘረጋ መረብ የሚይዘው የዕለቱን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተነበበ ጂኖምም አብሮ ይወጣል። የአሙር ካርፕ አስቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በ1998 ለተነሣው በሽታ መልስ የሚፈለግበት አንድ በር ተዘግቶ ይቆይ ነበር። የዘር ልዩነት ለማናውቀው ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነውና፣ ሳናውቀው እንዳንጨርሰው እንጠንቀቅ።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ

ሳሰ ናነ የሆኑ ሁለት ባለ መስመር ካርፖች ቢዋለዱ በሕይወት የሚተርፉት ልጆች በአራቱ ዓይነቶች መካከል በምን መጠን ይከፋፈላሉ?

መልስ፦ ከ16 ክፍል 4ቱ ናና ሆነው ይሞታሉ። ከቀሩት 12 ክፍሎች 6ቱ ባለ መስመር፣ 3ቱ ባለ ሙሉ ቅርፊት፣ 2ቱ ቆዳ፣ 1ዱ መስታወት ይሆናል።