ቀኑን ጻፊበት

ልጄ፣ ከመቂና ከባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ አዳማ ያራገፈ አይሱዙ ባዶውን እንዳይመለስ ጭነት የሚፈልግለትን ፕሮግራምሽን አየሁት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሥራቱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ጓደኞችሽ «ሰው ሳይቀድምሽ ፓተንት አውጪ» ስላሉሽ ሥራሽን ለሰው ማሳየት እንደፈራሽ እናትሽ ነገረችኝ። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ልጻፍልሽ።

1. የአገርሽን ሕግ አስቀድመሽ እወቂ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መካከል አስገብቶታል። ፕሮግራምሽን የሚጠብቅልሽ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996 ነው። ይህ መብት ኮዱን ከጻፍሽበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ማመልከቻ አይጠይቅም። የሚጠብቀው ግን የጻፍሽውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። አንድ ልጅ ሻሸመኔ ተቀምጦ ያንኑ አገልግሎት በራሱ ኮድ ቢሠራ ልትከለክይው አትችዪም። ቅር አይበልሽ። አንቺም ካርታውንና የፍለጋውን አሠራር ከሌሎች አይተሽ ነው የጀመርሽው።

2. የሠራሽውን ሁሉ ቀን ጻፊበት። ከምክሮቼ ሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ዛሬ ድረ ገጽ ከፍተሽ እዚያው ገጹ ውስጥ ቪዲዮ ታያለሽ፣ ካርታ ታንቀሳቅሻለሽ። ይህን አሠራር የእኔ ነው ያለ ነበር። ማይክል ዶይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስም የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ፤ ፓተንቱ በ1998 ተሰጠ። የዶይል ኩባንያ ኢዮላስ ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። በ2003 የቺካጎ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ወደ 521 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱበት። ማይክሮሶፍትም በ2006 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ለወጠው፤ ተጠቃሚው ገጹ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ለመጠቀም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ግድ ሆነበት። አንድ ወረቀት የዓለምን ሕዝብ ጣት እንዲህ አዘዘ።

ግን ፔይ ዩዋን ዌይ የሚባል የበርክሌይ ተማሪ ቫዮላ የተባለ ብራውዘር ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበር። በግንቦት 1993 ለሁለት የሰን ኩባንያ መሐንዲሶች አሳይቷቸዋል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ኢዮላስ ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎችንም ከሶ ነበርና በየካቲት 2012 ቴክሳስ ውስጥ፣ ታይለር ከተማ፣ ዌይ ራሱ ቀርቦ መሰከረ፤ የድር (ዌብ) አባት ቲም በርነርስ ሊም መሰከረ። የሕዝብ ዳኞቹም ፓተንቱ ዋጋ የለውም አሉ። ልጁ ሥራውን ሠርቶ ለሰው ባያሳይ፣ ያሳየበትም ቀን ባይታወቅ ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ስለዚህ ኮድሽን የእያንዳንዱን ለውጥ ቀን በሚመዘግበው ጊት ላይ አኑሪ። ቀኑን በራስሽ ኮምፒውተር ላይ መለወጥ ስለሚቻል ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ ሰው እጅ ያለ ምስክር ያስፈልግሻል። ለአስተማሪሽ በኢሜይል ላኪው፣ ለተማሪዎች ስታሳዪም ማን እንደነበረና መቼ እንደሆነ መዝግቢ።

3. ማሳየት አትፍሪ። በርነርስ ሊ ድርን የፈጠረበት የምርምር ማዕከል ሰርን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 የድርን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ለሁሉም ለቀቀው፤ ዓለም ሁሉ የገባበት በዚያ በር ነው። የሠራሽው ነገር ፕሮግራም ሳይሆን አዲስ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ሌላ ነበር፤ በብዙ አገር ሳያመለክቱ ማሳየት ፓተንቱን ያሳጣልና።

4. ፓተንት ድንበር እንዳለው አስተውዪ። ጤፋችን ላይ የሆነውን ሰምተሻል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ የምታልፊያት ቢሾፍቱ የጤፍ ምርምር ማዕከል ናት፤ ቁንጮ የተባለው ዝርያ ከዚያ ነው የወጣው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው፤ ውሳኔው ግን ለኔዘርላንድስ ብቻ ነበር። አንቺም እንዲሁ፦ የአሜሪካ ፓተንት አዳማ ላይ አይይዝሽም፤ ሥራሽን አሜሪካ ልትሸጪ ስትነሺ ግን ይገጥምሻል።

5. የሌላውን ፓተንት በርዕሱ አትፍረጂው። አሜሪካ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ፊደላችንን በኮምፒውተርና በስልክ ለመጻፍ ብዙ ደክመዋል፤ ለፊደል አጻጻፍ ዘዴያቸውም የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። ርዕሱን ብቻ የሚያይ ሰው ፊደሉ ራሱ የተያዘ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መብት የተጠየቀባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አንብቢ፤ የሚጠበቀው እነሱ ውስጥ የተገለጸው ዘዴ ብቻ ነው።

በእኔ በኩል ልቤ የሚያደላው ለክፍቱ መንገድ ነው። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ የፊደል ቁጥር ነበረው። አንድ ሰው በፍሎፒ ያመጣው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ ያው ደብዳቤ እንደ አዲስ ይተየብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ ሾፌሮችሽ መልእክታቸውን በየትኛውም ስልክ የሚያነቡት ማንም የፊደሉን ቁጥር በባለቤትነት ስላልያዘው ነው።

6. ስሙንና ውሉን ያዢ። የፕሮግራሙን ስም በንግድ ምልክትነት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቢ። አንድ የጭነት ማኅበር ገንዘብ ከፍሎ ሊያሠራሽ እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ። በውል ሌላ ካልተባለ፣ ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የጻፍሽው ኮድ የኢኮኖሚ መብት የአሠሪው ነው። ስለዚህ ቀብዱን ከመቀበልሽ በፊት ኮዱ የማን እንደሚሆን፣ ለሌላ ማኅበርም መሸጥ ትችዪ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ረቂቁን አምጪልኝና አብረን እናንብበው።