ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ፤ ገዢው የሚከፍለው ለምኑ ነው?

ከኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች በቁራሌው እጅ ተሰብስበው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚወርዱ አሮጌ ዕቃዎች መካከል ራዲዮግራም ወይም ሸክላ ማጫወቻ ሊገኝ ይችላል። ገዢው ሞተሩ መዞሩን አይቶ፣ የሣጥኑን እንጨት ዳስሶ ዋጋ ይቆርጣል። ሒሳቡን የምታዛባው ግን በክንዱ ጫፍ የተሰካችው ትንሿ ካርትሪጅ ናት።

ካርትሪጅ የሁለት ነገሮች ድምር ናት። አንደኛው ሸክላውን የሚነካው መርፌ ነው፤ ሁለተኛው የመርፌውን ንዝረት በማግኔትና በጥቅል ሽቦ አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አካል ነው። አካሉ ብዙ ዘመን ሊያገለግል ይችላል። መርፌው ግን አላቂ ነው፤ አምራቾች ለአልማዝ ጫፍ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ዕድሜ ይሰጡታል። ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቀው፣ ካወቀም፣ ሻጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ያገለገለ መርፌን በዜሮ ብር ይገምታል።

ለምሳሌ ያህል፣ ተመሳሳይ ደረጃ ያላት አዲስ ካርትሪጅ 8,000 ብር፣ ለአሮጌዋ የሚሆን አዲስ መርፌ ደግሞ 5,000 ብር ቢያወጣ፣ ያገለገለችው ከ3,000 ብር በላይ ልታወጣ አይገባም። ከዚያም ላይ የአደጋው ድርሻ ይቀነሳል።

ይህ ስሌት የሚሠራው መርፌው በእጅ ተነቅሎ ለሚተካበት ዓይነት ነው። እንደ ዴኖን ዲኤል-103 ባሉት፣ ጥቅል ሽቦው ከመርፌው ጋር በሚንቀሳቀስባቸው ግን፣ ተጠቃሚው መርፌውን ለብቻው መለወጥ አይችልም። የታወቀ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካው ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 የካርትሪጅ ምርቱን አቁሟል፤ ለእርሱ የሚቀርበው መርፌ ከአሮጌ ክምችት የተረፈ ወይም ሌሎች የሠሩት ነው።

ምርመራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር ሲታይ መርፌውን የያዘው ቀጭን ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ጫፉም ወደ ጎን ያላዘነበለ መሆን አለበት። ዘንጉን የሚደግፈው ጎማ ሳይሠራበትም በዕድሜ ሊደርቅ ስለሚችል፣ «ከካርቶኑ አልወጣም» የሚለው ቃል ብቻውን አያስተማምንም። ቀጥሎ ቴስተር ይቀርባል። በኋላ ካሉት አራት እግሮች ነጭና ሰማያዊው የግራ፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ ድምፅ ናቸው። የሁለቱ ወገን ንባብ መቀራረብ አለበት፤ በአንዱ ወገን ምንም ንባብ ከሌለ ሽቦው ተበጥሷል።

ትልቁ ኪሳራ ግን ከካርትሪጇ ዋጋ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን የመሰሉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ በተለይ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትም በ1997 በፈረንሳይ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ በውጭ ሰብሳቢዎች የሚፈለጉ ናቸው። ያለቀ መርፌ የሸክላውን ቦይ ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይጠገንም። ለ78 ዙር የተሠራ ወፍራም መርፌም ለእነዚህ አይሆንም። ስለዚህ ሙከራው ዋጋ በሌለው ሸክላ ይጀመር።

የምንዛሪውም ጉዳይ አለ። አዲስ መርፌ የሚመጣው ከውጭ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ባለፈው ዓመት የተሰማ ዋጋ ለዛሬ ስሌት አይሆንም። የመርፌው ዋጋ መጠየቅ ያለበት በውሉ ዕለት ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተሙት ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደህናው ዕቃ በብልሹው ዋጋ እየተመታ እንደሚወጣ አሳይተዋል። መድኃኒቱ ምርመራ ነው። ደህና ዕቃ የያዘ ሻጭ ከቴስተርና ከማጉያ መነጽር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። አላስፈትሽም ካለ፣ መርፌው ብቻ ሳይሆን አካሉም በዜሮ ይገመት።