ዛሬ ማታ አስር ገጽ

ማንበብ ትወዳለህ። ግን አታነብም።

ለምን? «ጊዜ የለኝም» ልትል ነው። ቆይ! ትናንት ማታ ቲክቶክ ላይ ስንት ሰዓት አመሸህ? ጊዜውማ ነበረህ። ለሌላ ሰጠኸው እንጂ።

እንግዲህ ጊዜ እስኪተርፍህ አትጠብቅ። አይተርፍህም። ወስን!

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ውፍረቱን አይተህ ስንቴ ወደ መደርደሪያው መለስከው? በቀን አስር ገጽ ብቻ አንብብ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ብትጀምረው ፋሲካ አካባቢ ትጨርሰዋለህ። አስር ገጽ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድብህ ነው።

ለመሆኑ ሐዲስ ዓለማየሁ ጊዜ ተርፏቸው ጻፉት? በጣሊያን ወረራ ዘምተዋል። ተማርከው ባሕር ማዶ ታስረዋል። ኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው በዚህ ሁሉ ኃላፊነት መሀል ነው። እሳቸው ለመጻፍ ጊዜ ካገኙ አንተ ለማንበብ ታጣለህ?

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?»

ልብህን ከሚሰቅለው ጀምር! የተማረ የሚያስመስልህን መጽሐፍ አትፈልግ። እንቅልፍ የሚነሳህን ፈልግ።

ለእኔ ከእነዚህ አንዱ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ወደ አስመራ ይሄዳል። የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አለ። ስለላ አለ። የሚያፈቅራት ፊያሜታ አለች። አንዴ ከጀመርከው «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያልክ ታነጋለህ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው ይህን ያህል ዋጋ የከፈለበት መጽሐፍ ዛሬ እጅህ ላይ አለ። ታዲያ ለምን አትገልጠውም?

የሚከብድ መጽሐፍም ይገጥምሃል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ሞክር። ቋንቋው ጥልቅ ነው፤ አተራረኩም የለመድከው ዓይነት አይደለም። ሃያ ገጽ ሄደህ ግራ ከገባህ አትፈር። ዝጋውና ሌላ አንሳ። ከዓመት በኋላ ተመለስበት። መጽሐፍ አያኮርፍም!

አንብበህ የጨረስከውንም አትርሳው። ድገመው።

«አንዴ አንብቤዋለሁ» የምትለው መጽሐፍ አዲስ ነገር ይዞ ይጠብቅሃል። በወጣትነቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብ የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቆይቼ ስመለስበት ግን ጆሮዬን የሳበው ጉዱ ካሣ ሆነ። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው ሰው የዘመኑን ሥርዓት አንድ በአንድ ሲሞግት ሰማሁት። ቃሉ ያው ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ማደግህን ማወቅ ትፈልጋለህ? የድሮ መጽሐፍህን አውጣና አንብብ።

ዓይንህ ደክሟል? ጆሮህን ሥራ አስይዘው! «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ብዙ ሰው ያወቀው በጆሮው ነው። ዛሬ ትረካው በስልክህ ውስጥ ይገባል። ታክሲ ስትሰለፍ ስማው። ልብስ ስታጥብ ስማው።

«መጽሐፍ ተወደደ» ትላለህ? እውነት ነው። ግን ሰበብ አይሁንህ። ከጓደኛህ ጋር ተለዋወጥ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ጎራ በል። አዲስ አበባ ከሆንክ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልህ። ገብተህ ቁጭ በል።

አሁን ወደ ተግባር!

አንድ፦ ስልክህን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክተህ ውጣ። አጠገብህ ካለ ያሸንፍሃል።

ሁለት፦ መጽሐፉን ትራስህ ላይ አስቀምጥ። ሳታነሳው መተኛት አትችልም።

ሦስት፦ እርሳስ ያዝ። የነካህን አስምር። ያልተስማማህበት ቦታ ላይ ደራሲውን ተሟገተው። (የራስህ መጽሐፍ ከሆነ ነው እንግዲህ!)

አንድ ቀን ብታመልጥህስ? ምንም አይደል። በማግስቱ ሃያ ገጽ እከፍላለሁ ብለህ ራስህን አታስጨንቅ። ካቆምክበት ቀጥል፤ በቃ። ልማድ የሚገነባው በመመለስ ነው።

አንባቢ ሆኖ የተወለደ ማንም የለም። አንባቢ የሚሆነው የወሰነ ሰው ነው። አንተም ትችላለህ።

ነገ ደግሞ ሥራ ቦታ ለአንድ ሰው ያነበብከውን አውራለት። «አንተስ ምን እያነበብክ ነው?» በለው። መልስ ካጣ ስትጨርስ መጽሐፉን አውሰው።

ስምህን ግን ጻፍበት። ጥሩ መጽሐፍ በቀላሉ አይመለስም!